ጋሽ የሺጥላ ያጠሯቸው አራት ተክሎች

ጋሽ የሺጥላ አንኮበር ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ባዮሎጂ አስተምረዋል። እኔ ከጎናቸው ባለው ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ድምፃቸው ግድግዳውን አልፎ ስለሚመጣ ትምህርታቸውን ከተማሪዎቻቸው በላይ ሳላውቀው አልቀርም።

በየዓመቱ አንድ ቀን ሰሌዳውን ለሁለት ይከፍሉታል። በግራ የጥልቅ ባሕር ዓሣ፣ በቀኝ ከትምህርት ቤቱ በታች ባለው ገደል የሚበቅል አጭር ተክል ይስላሉ።

«ዓሣው ፀሐይ በማይደርስበት ጨለማ ነው የሚኖረው። ግን ተጠንቷል፤ በዓለም የዝርያዎች መዝገብ ‹ለመጥፋት የተቃረበ› ተብሎ ሰፍሯል። ይኼን ተክል ስትመጡም ስትሄዱም ትረግጡታላችሁ። ከስሙ ትይዩ የተጻፈው ‹አልተገመገመም› ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል!»

ተማሪዎቹ «ለፈተና ይመጣል?» ብለው ይጠይቃሉ። እኔ በእሳቸው ቦታ ብሆን ጠመኔውን እወረውር ነበር።

አጥኚ እንዲመጣ ዘጠኝ ዓመት ደብዳቤ ጻፉ። የመጣ የለም። አምና ገደሉ ወርደው ቢቆጥሩ የቀረው አራት እግር ብቻ ሆኖ አገኙት። ሰለቻቸውም ደከማቸውም፤ ቢሆንም ነሐሴ ላይ በዚያ ዝናብ የቀጋ እሾህ ቆርጠው ዙሪያውን አጠሩት። ብርዱ ደረታቸው ገብቶ አልጋ ላይ ጣላቸው።

ጳጉሜ አራት ቀን ልጠይቃቸው ሄድኩ። ተሽሏቸው ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው እትዬ ይመኙሻል በስኒ መራራ ነገር ሰጥተዋቸው እየጠጡ ነው።

«ሦስት ቀን ሙሉ ምንድን ነው የምታጠጪኝ?» አሉ ጋሽ የሺጥላ።

«መሪጌታ ወልደ ሰንበት የማሱልህ ነው። የጳጉሜ መድኃኒት ፍቱን ነው፤ ጎህ ሳይቀድ፣ ከሰው ሳይነጋገሩ ወርደው ነው የማሱት።»

«ከየት?»

«ካጠርከው ነዋ! አገሩ ሁሉ የሚያወራው እሱን አይደል? መድኃኒት ባይሆን ለሣር ማን አጥር ያጥራል?»

ጋሽ የሺጥላ ስኒውን አስቀመጡ። እኔ ወለሉን አየሁ።

«ስንት አስቀሩ?» አሉ ጋሽ የሺጥላ።

«ምኑን ያስቀሩታል? ሥሩ ቀጭን ነው፣ ላንድ ሰው እንኳ አራቱም በግድ ነው የበቁት አሉ። ይኸው ዳንክልኝ አይደል?»

እትዬ ይመኙሻል ደስታቸው ፊታቸው ላይ ይታያል። ጋሽ የሺጥላ አዩዋቸውና «አዎ፣ ድኛለሁ» አሉ። ከዚያ ስኒውን አንስተው የቀረውን እስከ አተላው ጨለጡት።