በወንፊት የተከደኑ ንግሥቶች

በ1994 ዓ.ም. አሶሳ ገና የቢሮ ከተማ እየሆነች ነበር። ክልሉ አዲስ ስለሆነ ኮምፒውተሩ በካርቶን ይመጣል፤ ደፍሮ የሚነካው ሰው ግን ጥቂት ነው። ከጥቂቶቹ አንዱ ኪዳኔ ነበር፤ የወንበራው ደብረ ዘይት ልጅ፣ የአንድ ቢሮ ጸሐፊ፣ ከቅዳሴ የማይቀር ሰው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከልብስ ሰፊው ከሻዕባን ጋር ቼዝ ይጫወታል። ሻዕባን ከመንጌ ወረዳ የመጣ የበርታ ሰው ነው። በሱቁ በረንዳ ላይ አንድ ሰሌዳ ብቻ ስላለ፣ ወታደር መጨረሻው መስመር ደርሶ ንግሥት ሲሆን የለስላሳ ቆርኪ ይቀመጥለታል፤ ፊቱ ወደ ላይ ከሆነ የነጭ፣ ከተገለበጠ የጥቁር። ጨዋታ ሳያልቅ ከተቋረጠም ሻዕባን ወንፊት ይከድንበታል። የተከደነ ጨዋታ አደራ ነው፤ እስኪቀጥል ድረስ ማንም ስለ እሱ ከማንም ጋር አይመክርም።

በዚያ ዓመት ከተማው አንድ ተጫዋች ወደ አዲስ አበባ ውድድር ሊልክ ሆነ። የመጨረሻው ጨዋታ የእነዚህ የሁለቱ ነበር። ኪዳኔ በነጥብ ስለሚቀድም እኩል መውጣት ይበቃዋል፤ ሻዕባን ግን ማሸነፍ አለበት። ዓርብ አመሻሽ ላይ ሰሌዳው ላይ ለእያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ንግሥት ቆሞ፣ ተራው የሻዕባን ሆኖ ሳለ የመግሪብ አዛን ተሰማ።

«ነገ ጠዋት እንጨርሳለን» አለ ሻዕባን፣ ወንፊቱን እየከደነ። «ሴቶች በዝተዋል፣ አኺ። ይሄ ሁሉ ንግሥት ባለበት ቤት ሰላም አይኖርም!»

ኪዳኔ እየሳቀ ተለየው። ሳቁ ግን መንገድ ላይ አለቀ፤ የሰሌዳውን አቀማመጥ በቃሉ ይዞታል። ከአዲስ አበባ በሲዲ የመጣ የቼዝ ፕሮግራም በቢሮው ኮምፒውተር ላይ አለ። የቢሮው ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነው። ጠዋት ማልዶ ገባ፤ ስድስቱንም ንግሥቶች አንድ በአንድ ደረደረ። «ላየው ብቻ ነው» አለ ለራሱ።

ማሽኑ ብዙ አላሰበም። ጥቁሩ፣ ማለትም ሻዕባን፣ አንዷን ንግሥት በነጩ ንጉሥ አፍ ላይ በነጻ ይሰጣል፤ ንጉሡ በልቷት ሲወጣ የቀሩት ሁለቱ ያንቁታል። ኪዳኔ ማምለጫ ፈልጎ ደጋግሞ ሞከረ። የለም። ተሸንፏል፤ ሻዕባን ግን ይህን ገና አላየም።

ሱቁ ሲደርስ ሻዕባን ወንፊቱን አንሥቶ አገጩን ይዞ ተቀምጧል። ኪዳኔ ሳይቀመጥ እጁን ዘረጋ።

«እኩል ይሁን፣ ወንድሜ።»

በዚያ በረንዳ የተዘረጋ እጅ ሳይጨበጥ ቀርቶ አያውቅም፤ ነውር ነው። ኪዳኔም የተማመነው በዚህ ነበር። ሻዕባን ሰሌዳውን አየ፣ የተዘረጋውን እጅ አየ። ከዚያ ጨበጠው። «አንተ ካልክ እኩል ነው» አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

የኪዳኔ ስም ለአዲስ አበባው ውድድር ተላለፈ፤ ሰው እንኳን ደስ ያለህ አለው። ኪዳኔ ግን እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ከበሩ ማለፍ አቃተው። ውጭ ቆሞ አስቀደሰና የንስሐ አባቱን ጠብቆ ያዛቸው።

«አባ፣ ሰው በደልሁ። ስድስት ንግሥቶች ነበሩ…»

«ስድስት?» አሉ ቄሱ ደንግጠው። «የማን ንግሥቶች ናቸው፣ ልጄ?»

«የቼዝ ናቸው፣ አባ። ቆርኪ ናቸው።»

ቄሱ ነገሩን እስኪረዱ ጊዜ ወሰደ። በመጨረሻ «ሰውየው ያውቃል?» ሲሉ ጠየቁት።

«አያውቅም።»

«እንግዲያ ከእኔ በፊት ለእሱ ነው የሚነገረው። ሂድ።»

ሻዕባንን ሱሪ እያጠበበ አገኘው። ኪዳኔ ቆሞ፣ ምንም ሳያስቀር ነገረው። የስፌት መኪናው ፔዳል ቆመ።

«ስለዚህ እኔ አሸንፌ ነበር?»

«አሸንፈህ ነበር። ማሽኑ ያገኘው…»

«አትንገረኝ!» ሻዕባን ብድግ አለ። «ወላሂ አትንገረኝ። አደራዬን ለብረት አሳየህ። የቀረውን ለእኔ ተወው።»

ኪዳኔ አንገቱን ደፋ። «ቦታውን ልተውልህ መጥቻለሁ። ትፈልገዋለህ?»

ሻዕባን አልፈልግም እንዲለው፣ በይሉኝታም ቢሆን፣ የኪዳኔ ልብ አንድ ጥግ ተስፋ አድርጎ ነበር። ይህንም ሲያውቅ ዳግመኛ አፈረ።

«እፈልጋለሁ» አለ ሻዕባን።

አብረው ወደ ውድድሩ ኃላፊ ወደ ሁንዴሳ ሄዱ። ቢሮው ሰው ሞልቶበታል። ኪዳኔ በሁሉም ፊት ያደረገውን ተናገረ። አንዱ ሳቀ፤ ሌላው «ለጨዋታ ነው እንዲህ የምትሆነው?» አለው። ሁንዴሳ ግን አልሳቀም፤ ስሙን ሰርዞ የሻዕባንን ጻፈ።

አውቶቡሱ በሚነሣበት ጠዋት ኪዳኔ መናኸሪያ ሄደ። ሻዕባን ራሱ የሰፋውን ኮት ለብሷል፤ መስኮቱን ከፍቶ እጁን ሰጠው።

«ይቅር አልከኝ?» አለ ኪዳኔ።

«ይቅርታውስ ቀላል ነው፣ ለአላህ ብዬ ሰጥቼሃለሁ። ካንተ ጋር መጫወቱ ነው የከበደኝ። ስመለስ እናያለን።»

አውቶቡሱ አቧራውን አስነሥቶ ወጣ። ኪዳኔ አቧራው እስኪሰክን ቆመ። «እናያለን» ማለት እሺ አይደለም፤ እምቢም አይደለም። ለእንደ እኔ ያለው ይህም ብዙ ነው ብሎ አማተበና ወደ ሥራው ሄደ።