ትልልቆቹ ቶሎ ያልቃሉ

የተያዝኩት ፊዚክስ ሳስተምር ነው። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆመው ስሜን ጠሩ። ጠመኔውን አስቀምጬ ወጣሁ። ከተክለ ሃይማኖት እስከ መርካቶ በእግር ወሰዱኝ፤ ሰዉ ዝም ብሎ መንገድ ይለቅልን ነበር።

የታሰርኩባት ክፍል አራት እርምጃ በሦስት ናት። መስኮት የላትም። ከበሩ በላይ ባለው ክፍተት የምናለሽ ተራ ቆርቆሮ ቀጥቃጮች ድምፅ ቀኑን ሙሉ ይገባል፤ ከወፍጮ ቤት የሚመጣው የበርበሬ ብናኝም ያስነጥሳል። ውስጥ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ አገኘሁ። ደንበኛ ሊያስጠብበው በተወው ኮት ኪስ ውስጥ የተከለከለ ወረቀት ተገኝቶ ነው የታሰሩት።

"ኮቱን ያመጣው ማነው ይሉኛል" አሉኝ። "እኔ ፊት መች አያለሁ? ትከሻና ክንድ ነው የማየው። አንተስ ልጄ፣ በምን መጣህ?"

"ስለ ኮከብ ጽፌ ነው፣ ጋሼ።"

ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እኔ አለመሳቄን ሲያዩ ተዉት።

ለተማሪዎቼ ያባዛሁት ሁለት ገጽ ጽሑፍ ነበር። ግዙፍ ኮከቦች ነዳጃቸውን ከትንንሾቹ ፈጥነው እንደሚጨርሱ፣ ሲጨርሱም በገዛ ክብደታቸው እንደሚወድቁ ይናገራል። መርማሪው መቶ አለቃ ይህቺን ዓረፍተ ነገር በቀይ አስምሮባታል።

"ትልልቆቹ እነማን ናቸው?"

"ኮከቦች ናቸው፣ ጌታዬ።"

"ይወድቃሉ ያለህስ ማነው?"

ዘጠኝ ቀን ይህንኑ ጠየቀኝ። አንዳንድ ቀን በአፉ ብቻ ይጠይቃል፤ አንዳንድ ቀን በአፉ ብቻ አይደለም።

ከእነዚያ ቀኖች በአንዱ ደግፈውኝ ሲመልሱኝ ሽማግሌው ውኃ አጠጡኝ። ትንሽ ቆይተው፣ "ማንም ያልደረሰበትን ነገር በምን ለካችሁት?" አሉኝ።

ለመናገር አቅም አልነበረኝም። ግን ከጥያቄዎቹ ሁሉ መልስ የሚፈልገው የእርሳቸው ብቻ ነበር።

"ውጭ አገር ስማር ቤተ ሙከራ ውስጥ ሠርቻለሁ" አልኳቸው። "ኮከቡ ሆድ ውስጥ ተዋሕደው እሳቱን የሚሰጡትን ነገሮች እዚሁ ምድር ላይ እናጋጫቸዋለን። ሁልጊዜ ማለት ይቻላል፣ ሳይዋሐዱ ይለያያሉ። የተዋሐዱትን እንቆጥራለን። የኮከቡ ነዳጅ ስንት ዘመን እንደሚቆይ የምናሰላው ከዚያ ነው።"

"ብዙ ናቸው?"

"ቀኑን ሙሉ ተጠብቆ አራት፣ አምስት። እነሱም ከሌላ ቦታ የመጣ ጨረር ሊሆኑ ይችላሉ። አንዳንዴ አንዱም እውነተኛ አይደለም።"

"ያኔ ምን ትላለህ?"

"አላገኘሁም ብዬ እጽፋለሁ።"

"አድካሚ ሥራ ነው" አሉ።

"አዎ፣ ጋሼ።"

በአሥረኛው ቀን መቶ አለቃው አልጮኸም። እሱም የታከተው ይመስል ነበር። በማሽን የተጻፈ ወረቀት ገፋልኝ። ትልልቅ ኮከቦች ያልኩት ባለሥልጣናቱን እንደሆነ፣ ያስጻፈኝም አብሮኝ የሚያስተምር ጓደኛዬ እንደሆነ ይላል። የጓደኛዬ ስም እስከ አያቱ ተጽፏል።

"ፈርምና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ።"

ብዕሩን ተቀበልኩ። እጄ ስላበጠ በሁለት እጄ ነው የያዝኩት። የተጻፈውን ሁሉ ሰረዝኩና ከሥሩ፣ "የጻፍኩት ስለ ኮከቦች ነው። ያስጻፈኝ ሰው የለም። ነዳጃቸው የሚቆይበት ጊዜ በትክክል ገና አልተለካም" ብዬ ፈረምኩ።

ሁለት ጊዜ አነበበው። አልመታኝም። ጠባቂውን ከመጥራቱ በፊት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ግን እውነት ትልልቆቹ ቶሎ ያልቃሉ?" አለኝ።

"አዎ፣ ጌታዬ።"

ወረቀቱን አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

ሰባት ወር ተጨማሪ ታሰርኩ። ልብስ ሰፊው ቀድመውኝ ተፈቱ፤ ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም። ስወጣ ማስተማር ተከለከልኩ፤ ቤተ ሙከራ የሚባል ነገርም ዳግመኛ አልረገጥኩም። አማኑኤል አጠገብ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስረከብና ሳስረክብ አረጀሁ።

ልጆቼ ጀግንነት ይሉታል። አልነበረም። በጣም ደክሞኝ ነበር፤ ያንን ውሸት ፈርሜ ዕድሜ ልኬን ተሸክሜው የምዞርበት ጉልበት አልነበረኝም። ጓደኛዬ እስከ ጡረታው አስተማረ። አሁንም በየሳምንቱ እየመጣ ስለ ጉልበቱ ሕመምና ስለ ልጅ ልጆቹ ያወራኛል። ስሙ እዚያ ወረቀት ላይ እንደነበረ አልነገርኩትም።