«አምስት ደቂቃ» ያልኩት እኔ ነኝ

ይህን ለእናቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። እናንተ የመጀመሪያዎቹ ናችሁ። ስጽፈው እንኳ በሩን ቆልፌ ነው።

ቡታጅራ ጫፍ ባለ የክር ማቅለሚያ ፋብሪካ በአስተርጓሚነት ስቀጠር ቱርክኛ እችላለሁ ብዬ ዋሸሁ። የማውቀው ከስልኬ የለቀምኩትን ሰላምታና ከአንድ እስከ አስር ያለውን ቁጥር ብቻ ነበር። ባጃጅ ውስጥ «ቢር፣ ኢኪ፣ ኡች» እያልኩ ስለማመድ ሰው ይስቅብኝ ነበር። ከአስር ለምን አላለፍኩም? ስንፍና ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

አንድ ጠዋት ቱርካዊው መካኒክ አዲሱን የማቅለሚያ ማሽን ሊያሳየን መጣ። ማሽኑን የምትይዘው ከመስቃን ገጠር በእግሯ የምትመላለሰው ዘይነባ ነበረች። ሰውየው ማጥፊያውን ተጫነና ክዳኑን እያሳየ «ኦን ቤሽ ዳኪካ» አለ። ዳኪካ ደቂቃ መሆኑ ለማንም ይገባል። ከእኔ የሚፈለገው ቁጥሩ ብቻ ነበር። ኦን አስር ነው፤ ቤሽ አምስት። ታዲያ የቱ ነው? ልጠይቀው አፌን ከፈትኩ። ውሸቴ እንዳይታወቅ ፈርቼ መልሼ ዘጋሁት።

«ምን አለ?» አለችኝ ዘይነባ።

«ካጠፋሽው በኋላ አምስት ደቂቃ ጠብቀሽ ክፈቺ ነው የሚለው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ምን ነካሽ? እሱማ ቀላል ነው!»

በማግስቱ አምስት ደቂቃ ጠብቃ ከፈተችው። እንፋሎቱ ፊቷንና ቀኝ እጇን ላጠው። መካኒኩ እየሮጠ መጥቶ «ኦን ቤሽ!» እያለ አስሩንም ጣቶቹን ዘረጋ፤ ቀጥሎ አምስቱን። አስራ አምስት ነበር። ደግፌ ሐኪም ቤት ያደረስኳት እኔ ነኝ። ለእሷ አዝኜ ነው? አይደለም፤ ለራሴ ፈርቼ ነው።

የፋብሪካው ኃላፊ ሐኪም ቤት መጥቶ ሲጠይቀኝ «አስራ አምስት ብያታለሁ» አልኩ። ዘይነባ በፋሻ እንደተጠቀለለች ቀና ብላ አየችኝ። «እንግዲያ ጆሮዬ ነው ያታለለኝ» አለች። ከሥራ አሰናበቷት። እኔ ቀረሁ።

ዛሬ ወልቂጤ ነው የምኖረው። ባለፈው ወር መናኸሪያ ውስጥ በስሜ የሚጠራኝ ድምፅ ሰማሁ። ዘይነባ ናት። ልሸሽ አሰብኩ፤ ቀድማ ደረሰችብኝ። በተጨማደደው እጇ ጉንጬን ዳሰሰችኝ።

«ያኔ ደግፈሽ ያደረስሽኝ አንቺ ነሽ። አላህ ይክፈልሽ!»

«አሜን» አልኩ።

ፈርቼ ነው ብዬ አላመካኝም። አሁንም እየፈራሁ ነው፤ አሁንም እየበደልኳት ነው።