ከበታች እንጂ ከጎን አይደለም

ሰቆጣ ውስጥ ዕድሜያቸውን በቅዳሴ የጨረሱት አጎቴ አንድ ልማድ ነበራቸው። ሰው "ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ" ሲል ዝም ብለው አያልፉም፤ "ከእግዜር በታች በል" ይሉታል። እናቴ እንኳ "እነዚህን ልጆች ያሳደግኳቸው እኔ ነኝ" ካለች አይምሯትም ነበር። "ሰይጣንም ከሰማይ የወደቀው 'እኔ' ብሎ ነው" ይሏታል።

ከሰቆጣ ብዙ በማትርቀው ዝቋላ ወረዳ የውሃ ጉድጓድ ሲመረቅ ለዘገባ ሄጄ፣ አጎቴን ለቡራኬ ከመጡት ካህናት መካከል አገኘኋቸው። አንድ ሹም ማይክሮፎን ይዞ "ይህን ውሃ ያፈለቅሁላችሁ እኔ ነኝ!" አለ። የቆፈሩት ሰዎች ከኋላው ቆመው ነበር፤ አንዴም አላነሳቸውም።

"ከእግዜር በታች በል፣ ልጄ" አሉት አጎቴ ከተቀመጡበት።

"ልክ ነዎት አባ፣ እግዜርም አግዞኛል።"

"ከበታች አልኩህ እንጂ ከጎን አላልኩህም!"

ሕዝቡ ሳቀ። ሹሙም አብሮ ሳቀ፤ ቃሏን ግን አላላትም።

ባለፈው ሳምንት አጎቴን ቀበርናቸው። ያው ሹም መጥቶ አስከሬናቸው ፊት ቆመና "እኝህን አባት ለዚህ ክብር ያበቃኋቸው እኔ ነኝ" አለ። በሥራዬ ብዙ ሹም ሲናገር ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን ሰምቼ አላውቅም። እሱ ግን ይህን እንዳለ ድንገት ቆም አለና ካህናቱ ወደተቀመጡበት አግዳሚ ዞረ። ያቺን ቃል የጠበቀ ይመስላል። እኛም ጠበቅን። የአጎቴ ቦታ ባዶ ነበር።

ባዶነቱን አየ፤ ጉሮሮውን ጠረገና ስለ ራሱ መናገሩን ቀጠለ። ማንም አላረመውም።