በጆንያ የተለካ ሞላ

ባለቤቴ ሞተሬ ላይ መውጣት ካቆመች ወራት አልፈው ነበር። መርካቶ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባለችው ሱቃችን እሷ መጋረጃ ትሰፋለች፤ እኔ መጋረጃው የሚሰቀልበትን ብረት እሸጣለሁ። ከመጋባታችን በፊት በየእሁዱ እሷን ከኋላዬ አስቀምጬ በቀዩ ስፖርት ሞተሬ ከተማውን እንዞር ነበር። በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪና ላይ ከማጎንበስ ብዛት ወገቧ መታመም ጀመረ። ሞተሩ ደግሞ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር ወደ ላይ እያነጠረ አባባሰባት። እሁድ እናቷን ልንጠይቅ ስንሄድ እሷ በታክሲ፣ እኔ በሞተር ሆነ። ሰው ይስቅብናል። እኔ ግን የኋላ መቀመጫው ባዶ ሆኖ ስነዳ ይከፋኝ ነበር፤ ምን እደብቃለሁ።

አንድ ቀን «ሞላውን ላስተካክለውና እስቲ ሞክሪው» አልኳት።

«አንድ ጊዜ እሞክራለሁ» አለች መርፌዋ ላይ ክር እየሰካች። «ወገቤን ካመመኝ ግን ሞተሩ ይሸጣል። ከዚያ በታክሲ አብረን እንሄዳለን።»

እኔም አፌ ቀድሞኝ ተስማማሁ።

የሞተር ሞላ የሚስተካከለው በሚጫንበት ክብደት ልክ ነው። ንጥረቱን በሚያበርደው የኋላ ሾክ ላይ ሞላውን የሚጫን ቀለበት አለ፤ ሲጠብቅ ሞተሩ ከፍና ጠንከር ይላል፣ ሲላላ ይለዝባል። ሰው ሲቀመጥበት በመጠኑ ዝቅ ማለት አለበት። ዝቅ ካላለ ጉድጓዱን የሚቀበለው ሞላው ሳይሆን የሰው ወገብ ነው። ይህን ሁሉ ከስልኬ ቪዲዮ አጥንቻለሁ። የጎደለኝ የሚቀመጠው ሰው ብቻ ነበር። ባለቤቴን አንዴ ተቀመጪልኝ ብላት እምቢ አትልም ነበር፤ እኔ ግን ጨርሼ ላስደንቃት ፈለግኩ። መርካቶ ውስጥ እየኖሩ ደግሞ ክብደት አጣሁ ማለት ነውር ነው።

በርበሬ በረንዳ ሄድኩ። እዚያ ለቤታቸው መጋረጃ የሰፋንላቸው አንድ በርበሬ ነጋዴ አሉ።

«ጋሼ፣ አንድ ጆንያ በርበሬ ያውሱኝ፤ እመልሳለሁ።»

«በርበሬ ተውሶ የሚመልስ ዛሬ አየሁ። ለምንህ ነው?»

«በባለቤቴ ቦታ ሞተር ላይ ላስቀምጠው።»

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አዩኝ። «ምን ያህል ትከብዳለች?»

«ይሄ እንዴት ይጠየቃል፣ ጋሼ?»

«ተሸክመሃት አታውቅም?»

«የሠርጋችን ዕለት።»

«ከበደችህ?»

«ኧረ ምንም።»

«እንግዲያው በሱ አትመን። በሠርጓ ቀን የምትከብድ ሙሽራ የለችም።»

ሁለታችንም ጆንያዎቹን ስናይ ቆየንና በግምት አንዱን መረጥን። እሳቸው ደግሞ ለክተው ሳይመርቁ የሚያርፍ እጅ የላቸውም። የሚሸጡት ዕቃ እንዳልሆነ እያወቁ፣ በልማድ ብቻ፣ በጣሳ ዝቀው ከላይ መረቁበት።

ሱቃችን በር ላይ የሚውለው ተሸካሚ ወዳጄ ጆንያውን አምጥቶ የኋላ መቀመጫው ላይ በገመድ ጠፈረው። እኔ ከፊት ተቀመጥኩ፤ ወረድኩ፤ ቀለበቱን አጠበቅኩ፤ እንደገና ተቀመጥኩ። በየመሀሉ ሁለታችንም እናስነጥሳለን። በመጨረሻ ልክ ሲመጣልኝ ጆንያዬን አዝዬ ሰፈሩን ዞርኩ። ጉድጓዱን ሁሉ እንደ አልጋ አለፍኩት። ጆንያው አንድም ቅሬታ አላሰማም።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ባለቤቴ ነጠላዋን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ሄልሜቷን አጠለቀችና ከኋላዬ ወጣች። እጇ ወገቤን ሲይዝ ሞተሩን ከማስነሳቴ በፊት ደስታዬ ተነሳ። ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ስንወርድ የመጀመሪያውን ፍጥነት መቀነሻ አገኘን። ሞተሩ ወደ ላይ ወረወራት። በሁለተኛውም ወረወራት። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ትከሻዬን መታ አደረገች፤ አቆምኩ፤ ወገቧን በሁለት እጇ ይዛ ወረደች።

«ሲወርድ አይደለም የሚያመኝ፤ ሲመልሰኝ ነው» አለች። «በቃ፣ ነገ ይሸጥ። ሱቅ ሄጄ ጋደም ልበል።»

ከሚኒባስ ገብታ ሄደች። እኔ እዚያው መንገድ ዳር ቆሜ ቀረሁ። ሞተሩን ሳይሆን እነዚያን እሁዶች የሸጥኩ መሰለኝ።

ሱቅ ስደርስ ባለቤቴ ቀድማኝ ደርሳ ከተሸካሚው ወዳጄ ጋር እያወራች ነው። እሱ ኩንታል ይችላል፤ ምስጢር ግን አይችልም።

«ይገርማል፣ ጆንያው እኮ ምንም አላለውም ነበር» ይላታል።

«የምን ጆንያ?»

«ሞላው በአንቺ ቦታ የተለካበት» ብሎ እሱ ራሱ የተቀመጠበትን፣ ገና ያልመለስኩትን ጆንያ አሳያት። እስኪነሳላት ጠብቃ በሁለት እጇ ያዘችውና ወደ ላይ ሳበችው። ንቅንቅ አላለም። ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«ይሄ ነኝ እኔ?»

«ጋሼ መርቀውበት ነው» አልኩ። አልረዳኝም።

ስትቆጣ ቃል አታባክንም። ሱቁን ከፈተችና ከምስማሩ ላይ ሜትሯን አወረደች።

«የደንበኛዬን መስኮት ትቼ የጎረቤት መስኮት ለክቼ መጋረጃ ሰፍቼ አውቃለሁ?»

«አታውቂም።»

«እንግዲያው የዛሬው ሙከራ የጆንያው ነው፤ የእኔ አልተቆጠረም። ና፣ በእኔ ልክ አድርገው።»

ሕግ አክባሪ ሴት ናት፤ ይህን ስላት ታፍራለች። እኔ በሁለት እግሬ ሞተሩን ደግፌ ተቀመጥኩ፣ እሷ ከኋላዬ። ተሸካሚው ወዳጄ ጎንበስ ብሎ ሜትሩን ከጎማው መሀል እስከ መቀመጫው ጠርዝ ዘረጋ። ሳንቀመጥበት አስቀድመን ከለካነው ጋር ሲነጻጸር ዝቅ ያለው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። እሷ ከጆንያው በብዙ ትቀላለች፤ እኔ ለካ የሌላ ሴት ሞተር ሠርቼላታለሁ። እየወረድኩ ቀለበቱን አላላሁ፣ እየተቀመጥን አስለካን። መርካቶ ነውና ሰው ከበበን። አንድ አላፊ አግዳሚ «ጠበቅ አድርገው፣ ሸክም ይችልልሃል» ብሎ መከረኝ።

«እኔ ሸክም አይደለሁም» አለችው ከላይ ሆና። ሰውዬው መንገዱን ቀጠለ።

ሾኩ ግርጌ ሞላው ተጨምቆ ሲመለስ ፍጥነቱን የሚገታ ትንሽ ቪቴ አለ። እስከዚያ ድረስ ነክቼው አላውቅም ነበር። ሲመልሰኝ ነው ያለችው ትዝ ሲለኝ ካቻቪቴ አንስቼ በጥቂት በጥቂቱ አጠበቅኩት። እሷ መቀመጫው ላይ ከፍ ዝቅ እያለች ትፈትሸዋለች። «ገና ነው» ትላለች። አሁንም «ገና ነው።» ከዚያ ዓይኗን ጨፍና አንዴ ተነሥታ ተቀመጠችና «እዚህ ላይ ተወው» አለች።

ተነሣን። ፍጥነት መቀነሻው ሲቀርብ ትንፋሼን ያዝኩ። ሞተሩ ወረደ፣ ረጋ ብሎም ተመለሰ። ከዚያ ከኋላዬ ጀመረች። ቀስ በል አለችኝ። ያ ሚኒባስ ሊገባብህ ነው አለችኝ። ለእናቷ ሙዝ ሳንገዛ መምጣታችን የእኔ ጥፋት ሆነ፤ የሱቁን ቁልፍ ለተሸካሚው መተዋችንም የእኔ ጥፋት ሆነ። መንገዱን ሙሉ ያልተነቀፈ ነገር አልቀረም፤ ስለ ወገቧ ግን አንዴም አላነሳችም።

እናቷ በር ላይ ደርሼ አቆምኩ። አልወረደችም።

«ምነው?» አልኳት።

«ቡናው አልደረሰም ይሆናል» አለች እጇን ወገቤ ላይ እንዳደረገች። «አንድ ዙር ጨምር።»