ከቲማቲሙ በላይ የተሰቀለው ውጤት

የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ምትኬ የምትባለው ስሟ ሆኖ አይደለም። ቅጽል ስሙን ያወጣላት የሒሳብ መምህሩ ነው፤ እሱ እንደሆነ ለሰው ስም ሳያወጣ ውሎ አያውቅም። አንድ ቀን የቢሮው ቁልፍ ጠፍቶ ሰው ሁሉ በሩ ላይ ተኮልኩሎ ሳለ፣ ጸሐፊዋ ከቦርሳዋ ሁለተኛ ቁልፍ አወጣች። እሱ አልገባ ሲል ሦስተኛ መዘዘች። «ይቺ ሴትዮ እኮ ለራሷም ምትክ አስቀምጣ ይሆናል!» አለ መምህሩ። ከዚያ ወዲህ ምትኬ ሆና ቀረች።

ምትኬ እግሯን ሰብስባ መቀመጥ የማታውቅ ሰው ናት። ከቤት ወጥታ መንገድ ከጀመረች በኋላ ምድጃውን ማጥፋቷን ለማየት ትመለሳለች። ሁልጊዜም ጠፍቶ ታገኘዋለች፤ ሳታየው ብትሄድ ግን ቀኑን ሙሉ ስለ እሱ ስታስብ ትውላለች። የረጅም መንገድ ሾፌር የሆነው ባሏ «አንቺ እኮ ተኝተሽም ትሄጃለሽ» ይላታል።

እንዲህ ያደረጋት ነገር ነበረ። ሥራ በጀመረች ዓመት ጣሪያው አፍስሶ የአንድ ክፍል የውጤት መዝገብ ውሃ በላው። በኋላ አንዲት የዚያ ክፍል ተማሪ ሥራ ልትቀጠር ማስረጃ ፈልጋ መጣች። አንዴ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ። ሦስቱንም ጊዜ ምትኬ የተጣበቀውን ወረቀት እያላቀቀች «የለም» አለቻት። በመጨረሻ ልጅቷ አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብላ ሄደች። ተቆጥታ ቢሆን ይሻል ነበር። ያቺ «አመሰግናለሁ» ምትኬ ውስጥ እንደ እሾህ ተሰክታ ቀረች።

ስለዚህ ቢሮው ኮምፒውተር ሲገባለት ዲስክ ላይ መገልበጥን ከሁሉ ቀድማ የተማረችው እሷ ሆነች። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከባዶዎቹ ዲስኮች አንዱን በሁለት ጣቷ ጠርዙን ይዛ ታነሳለች፤ ወደ መስኮቱ አዘንብላ ጭረት እንደሌለው ታያለች፤ እፍ ትልበትና ለማሽኑ ታጎርሰዋለች። ማሽኑ ማጉረምረም ሲጀምር ጠረጴዛውን ማንም እንዳይነካባት አጠገቡ ትቆማለች።

«በርን እያደረገ ነው፣ ቀስ በሉ!» ትላለች፤ መገልበጡን በእንግሊዝኛ ስሙ ጠርታ።

«የትኛውን በር?» ይላል የሒሳብ መምህሩ፣ በየሳምንቱ፣ ሳይሰለቸው።

በምሳ ሰዓት ደግሞ የቤቷን ትገለብጣለች። ለባሏ ዘፈን፣ ያውም ሁለት ሁለት ቅጂ፤ የመኪናው ማጫወቻ ዲስክ ይቧጭራልና። ለአማቷ ፊልም። አማቷ ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከጓሮ አልፈው አይሄዱም፤ ሳምንት በመጣ ቁጥር አዲስ ፊልም ካላዩ ቤቱ ይጠባቸዋል። ፊልሞቹን ምትኬ የምትዋሰው ከፊዚክስ መምህሩ ነው።

ያቺ ሐሙስ የዓመቱ ማጠቃለያ ውጤት ገብቶ ያለቀባት ሐሙስ ነበረች። ምትኬ በምሳ ሰዓት ፊልሙን ገለበጠች። ዲስኩ ላይ ልትጽፍበት ስትል የዲስክ መጻፊያው እስክሪብቶ ደርቋል፤ ተጠባባቂውንም ከመምህራኑ አንዱ ወስዶባታል። ከሰዓት ውጤቱን ገለበጠች። ሁለቱን ዲስኮች ከነወረቀት ኪሳቸው ፊቷ ዘርግታ ሳለ ስልኳ ጮኸ። ባሏ ነው።

«ጎማ ፈነዳብኝ። እኔ ምንም አልሆንኩም።»

«ምንም አልሆንኩም ማለት ምን ማለት ነው? ምን ልትሆን ነበር?»

«ምንም አልኩሽ እኮ!»

ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሐል አጣብቃ እያወራች፣ እየቆመች፣ እየተቀመጠች፣ በግራ እጇ ዲስኮቹን ከተተች፤ በቀኝ እጇ ኪሶቹ ላይ በቢክ ጻፈችባቸው። አንዱን የብረቱ ካዝና ውስጥ ቆለፈችበት፣ ሌላውን ቦርሳዋ ውስጥ ጨመረች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል።

በማግስቱ አማቷ «ልጄ፣ ፊልምሽ አይሠራም» አሏት። ምትኬ የባሏን መመለስ እየጠበቀች አንድ ዓይኗ በር ላይ ነበር። «በኋላ አየዋለሁ እማማ» አለች፤ ረሳችው።

እሁድ መብራት ሄዶ መጣ፣ ሄዶ መጣ። ሰኞ ጠዋት የቢሮው ኮምፒውተር አልነሳም አለ። የተጠራው ጠጋኝ የማሽኑን ሆድ ከፍቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ሞቷል። ውስጡ ያለውን እርሱት።»

ምስክር ወረቀት ሊታደል የቀረው ሁለት ቀን ነው። ከመምህራኑ ግማሹ ለእረፍት ወጥተው የለም። ርዕሰ መምህሩ ግን አልደነገጡም። «ምትኬ እያለች ምን ያሳስበናል?» አሉና ካዝናውን አስከፈቱ። ዲስኩ የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ። መምህራኑ ከጀርባዋ ቆመው ያያሉ። በድንገት ሙዚቃ ፈነዳ፤ ሰፊ ባርኔጣ ያጠለቀ ጢማም ሰውዬ በፈረስ እየጋለበ ብቅ አለ።

«ይሄ ተማሪ የማን ክፍል ነው?» አለ የሒሳብ መምህሩ።

ሌሎቹ ሳቁ። ምትኬ ግን የአማቷ ፊልም መሆኑን አወቀች፤ ውጤቱ እንግዲህ ቤቷ ነው። ርዕሰ መምህሩን «ይጠብቁኝ፣ መጣሁ» ብቻ ብላ፣ የቢሮ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ወጣች። ታክሲ ውስጥ ገባች፤ መንገዱ ተዘጋ። ሾፌሩ ሞተሩን ሲያጠፋ በሩን ከፈተች። ወረደችና በእግሯ መንገዱን ተያያዘችው። እየሮጠች የምታስበው የትምህርት ቤቱን አራት መቶ ተማሪ አልነበረም፤ ያቺን «አመሰግናለሁ» ብላት የሄደችውን አንዲት ልጅ ነበር።

አማቷ ጓሮ ወንበራቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ።

«እማማ፣ የሐሙሱ ዲስክ የት አለ?»

«የቱ? ያ የማይሠራው?»

«አዎ፣ እሱ!»

«አይሠራም ስልሽ በኋላ አላልሽኝም? በኋላ ስትዪ ጊዜ እኔ ሥራ ሰጠሁት።» በምርኩዛቸው ወደ ቲማቲሙ ጠቆሙ።

ከቲማቲሙ መደብ በላይ በተወጠረው ሲባጎ ላይ ስድስት ሰባት ዲስኮች ተንጠልጥለው በነፋስ ይሽከረከራሉ፤ ብልጭታቸው ግድግዳው ላይ ይሯሯጣል። «ወፎቹ ቲማቲሜን ጨረሱት እኮ» አሉ አማቷ። «ያቺ ዳር ያለችው ግን ጎበዝ ናት። ድርሽ አይሉባትም።»

ምትኬ ሲባጎውን በጥርሷ በጠሰችው። ዲስኩ ሲባጎው የታሰረበትን እንጨት ሲታከክ ሰንብቶ በአንድ ጎኑ ተፋፍቋል፤ ወፏም ፈርታው እንዳልነበር የሚመሰክር ነገር ላዩ ላይ ጥላለች።

«የአራት መቶ ልጅ ውጤት ነው እኮ እማማ! ወፍ ማባረሪያ ያደረጉት!»

«እኔ በምን ልወቅ? ላዩ ላይ ተጽፏል?»

ምትኬ ዲስኩን አገላብጣ አየችው። አልተጻፈም። አማቷ ፊቷን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ የአንገት ልብሳቸውን ፈትተው ሰጧት። «በዚህ ጥረጊው፣ ለስላሳ ነው። ውሃ ጠጪና ሂጂ።» ጨርቁን ተቀበለች፤ ውሃውን ግን አልጠበቀችም።

ቤተ መጻሕፍቱ ስትመለስ የሚስቅ ሰው አልነበረም። ዲስኩን ከመሐል ወደ ዳር እያደረገች ጠረገችው፣ አጎረሰችው። ማሽኑ አቃሰተ፤ ቆየ፤ የክፍሎቹ ስም ተራ በተራ ብቅ አለ። ዘጠነኛ ወጣ። አሥረኛ፣ አሥራ አንደኛ ወጣ። አሥራ ሁለተኛ ሀ እና ለ ወጡ። ሐ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። አውጥታ ጠረገችው፣ መለሰችው። ሦስቴ ሞከረች። ሐ እንቢ አለ። አርባ ሦስት ልጅ።

«እንዲያው ይሄ ዲስክ ምን ሆኖ ነው?» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

ተበላሸ ብትል ማንም ጠያቂ አልነበራትም፤ ዲስክ ይበላሻል። ግን ምላሷ እንደዚያ አልል አላት። ፊልሙን፣ የደረቀውን እስክሪብቶ፣ የባሏን ስልክ፣ ቲማቲሙን፣ ሁሉንም ዘረገፈችው።

ርዕሰ መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «በቢሮው ማሽን? ፊልም?»

«አዎ።»

«ስንት ጊዜ?»

«በየሳምንቱ።»

ከኋላ ጉሮሮ ተጠረገ። «ፊልሞቹን የማውሳት እኔ ነኝ» አለ የፊዚክስ መምህሩ፣ ወለሉን እያየ።

ርዕሰ መምህሩ ሁለቱን አፈራርቀው አዩና መነጽራቸውን መለሱ። «እሱን ከምስክር ወረቀቱ በኋላ እንነጋገርበታለን። አሁን ሐ ክፍልን ያስተማሩ መምህራን ስልክ ይምጣ።»

ምትኬ ደወለች። አንዱ ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ ሆኖ አነሳ፤ አንዷ ደብተሯን ለመፈለግ ዕቃ ቤት ገባች፤ አንዱ ስልኩን ዘግቶ ስላስቸገረ እህቱ በኩል ተገኘ። ሁሉም የማርክ ደብተራቸውን እየከፈቱ አነበቡላት፤ እሷም እያንዳንዷን ቁጥር መልሳ አነበበችላቸው። አንዴ ካነበበችም በኋላ ደገመች። «አንቺ ሴት፣ ሰባ ስምንት አልኩሽ፣ ሰባ ስምንት ነው!» ብሎ የጮኸባትም ነበረ። ማክሰኞ ቀትር ላይ የአርባ ሦስቱም ውጤት ሞላ። ረቡዕ ምስክር ወረቀቱ ታደለ፤ ልጆቹም ወላጆቻቸውም የሆነውን ሳይሰሙ ፎቶ ተነስተው ሄዱ።

ሐሙስ ርዕሰ መምህሩ ጠሯትና የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንደሚሰጧት ነገሯት። የሚጽፍ ሌላ ሰው ስላልነበረ ራሷ ተየበችው። «አንድ ተጨማሪ ነገር» አሉ ሲፈርሙ፣ «ከእንግዲህ የውጤቱ ዲስክ አንቺ ዘንድ አይቀመጥም። የሒሳብ መምህሩ ይያዘው።»

ከማስጠንቀቂያው ይልቅ ይሄ አመማት። ያ ሰውዬ ጃንጥላውን በየወሩ የሚጥል ነው። ዲስኩን ስትሰጠው ላዩ ላይ በትልልቁ ጽፋበታለች፤ እሱም ደረት ኪሱ ውስጥ ከቶ «ነፍሴን እንዳስያዝኩሽ ቁጠሪው» አላት።

ዓርብ ከሥራ ስትወጣ እግሯ ወደ ቤቷ አልወሰዳትም። የሒሳብ መምህሩ በሩን ሲከፍት ምትኬን ደጃፉ ላይ ቆማ አገኛት።

«በደህና ነው?»

«በደህና። እስቲ ዲስኩን አሳየኝ።»

«በአንድ አዳር ምን ይሆናል ብለሽ ነው?»

«ምንም። ብቻ አሳየኝ።»

ሊቀልድ አፉን አሞጠሞጠ፤ ፊቷን ሲያይ ተወው። ገብቶ አመጣላት። ጽሑፏን አነበበች፣ ገልብጣ ወደ ብርሃኑ አዘነበለችው፣ መለሰችለት።

«ግቢ እንጂ፣ ሻይ እየፈላ ነው» አለች ሚስቱ ከውስጥ።

«ሌላ ጊዜ። ባለቤቴ ዛሬ ከመንገድ ይገባል» አለችና ደረጃውን ሁለት ሁለት እየረገጠች ወረደች።