የማይጨበጨብላት ልጅ

የእኔንና የእሷን ክፍል የሚለየው ስስ ጣውላ ብቻ ነው። ስታስነጥስ ከወዲህ ሆኜ «ይማርሽ» እላታለሁ። መምህራኑ ሁሉ «ሬዲዮ» እንላታለን፤ በፊቷም ጭምር፣ አትቀየምም። ጠዋት ከዘበኛው ጋር የጀመረችው ወሬ ሕፃናቱን እስክትሸኝ አያባራም። ከሁሉ የምትወዳት ቃል «አጨብጭቡለት!» ናት። አፍንጫውን ለጠረገም ይጨበጨብለታል፣ እርሳሱን ላልጣለም ይጨበጨብለታል። የኔዎቹ ተማሪዎችም ምኑም ሳይገባቸው ከወዲህ አብረው ያጨበጭባሉ።

በዚያ ዓመት ሚጡ የምንላት የአምስት ዓመት ልጅ እሷ ክፍል ገባች። ሥዕል ትስላለች፣ ትጽፋለች፤ ቃል ግን አይወጣትም። ስሟ ሲጠራ ዐይኗን መሬት ላይ ትተክላለች። የባሰው ደግሞ ሽንቷ ነበር። ፈቃድ መጠየቅ ስለማትችል ይዛው ትውላለች፤ እንዳይመጣባትም ውሃ አትጠጣም። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ አንድ ቀን መርፌዋን ደረቷ ላይ እንደሰካች መጣች።

«ታማብኛለች። ሐኪሙ ሽንት በመያዝ የመጣ ነው አለኝ» አለች። «ቤትማ ጆሮዬን ነው የምትበላው! እዚህ ስትመጣ ምን እንደሚይዛት እኔ እንጃ። እንዲህ ከሆነማ ትምህርቱ ይቅርባት።»

«እኔ እያለሁ?» አለች ሬዲዮ። «አናግራታለሁ፣ ግድ የለሽም።»

እንዴት ያለ ማናገር! ከረሜላ አሳየቻት፣ ለመነቻት፣ ተለማመጠቻት። አንድ ጠዋት ልጅቱ እርሳስ ስትመርጥ በሹክሹክታ «ቀይ» አለች አሉ። እኔ የሰማሁት ተከትሎ የመጣውን ነው።

«ልጆች! ሚጡ ተናገረች! አጨብጭቡላት!»

ጣውላው ተንቀጠቀጠ። የኔዎቹም ተቀበሉ። ሮጬ ስገባ ሚጡ ጠረጴዛ ሥር ተደብቃለች፤ ቀሚሷ ርሷል። ከዚያ ወዲያ ጠዋት በር ላይ ለእናቷ ታንሾካሹክ የነበረውን እንኳ አቆመች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ልብስ ሰፊዋ አፍሽን በሰፋችልኝ!» አልኳት፤ ተናድጄ ነበር። ሬዲዮ ጎንበስ ብላ ወለሉን መወልወል ጀመረች።

እናትየው ከሐኪም ቤት ምክር ይዛ ተመለሰች። ልጅቱ እልኸኛ አይደለችም፤ ጉሮሮዋን የሚይዛት ፍርሃት ነው። አትጠይቋት፣ አትደልሏት፣ ብትናገርም ጉድ አትበሉ ተባለ። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ እናትና ልጅ ባዶው ክፍል ውስጥ ይጫወቱ፤ መምህሯ አፏን ዘግታ ቀስ እያለች ትጠጋ።

«አፏን ዘግታ?» አልኩና ሳቅሁ። ሬዲዮ አልሳቀችም።

ያን ጊዜ ነው ሚጡን የሰማኋት። ለካ ያቺ ልጅ ትቀልዳለች፣ ትቆጣለች፣ ካርታ ስትጫወት ታጭበረብራለች! ሬዲዮ ወንበሯን ኮሪደር ላይ አድርጋ የተቀደዱ መጻሕፍት ትለጥፋለች። ከሳምንታት በኋላ ወንበሩ በሩ ጋ ደረሰ፤ ከዚያ መስኮቱ ሥር። ሚጡ ድምፅዋን ከቀነሰች ወንበሩ ይመለሳል። ቀስ በቀስ እንቁላልም በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ፤ ይሄኛው እንቁላል አንዳንድ ቀን የኋሊት ነበር የሚሄደው።

«ተንፍሺ እንጂ፣ ትሞቺብኛለሽ» እላታለሁ።

«ምላሴን ነክሼ ይዤዋለሁ፣ እህቴ» ትለኛለች።

በክፍሏ ጭብጨባ ለሁሉም ቀረ። ለአንዷ ብቻ ማስቀረት ያስታውቃል ብላ ነው። ውሎ አድሮ ሬዲዮም ከእናትና ልጅ ጋር ካርታ መጫወት ጀመረች፤ አንድ ቀን በጨዋታው መሃል ሚጡ ዞር ብላ «ያንቺ ተራ ነው» አለቻት። ሬዲዮ ካርታዋን ጣለች፣ ተሸነፈች፣ ወጣች። ይህን ስትነግረኝ ማንም ሳይኖር እንኳ በሹክሹክታ ነበር።

ያም ሆኖ ልጆቹ ባሉበት ሚጡ ትንፍሽ አትልም ነበር፤ ሽንቷንም መያዟን አልተወችም። እናቷ ይህን ተርም ብቻ ልታገስ ብላለች። ተርሙ ሊያልቅ ሲል፣ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ሳለ፣ ከወዲያ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«ቲቸር፣ ሽንት ቤት ልሂድ?»

እጄ ሰሌዳው ላይ ቀረ። ክፍሉ ሙሉ ነው።

«ሂጂ» አለች ሬዲዮ። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም።

ልጅቱ ሄዳ ተመለሰች።

«እጅሽን ታጠብሽ?»

«ውሃ የለም።»

«ከባልዲው ታጠቢ።»

አንዱ አፈ ጮሌ ከኋላ ጮኸ። «ቲቸር! ሚጡ እኮ አወራች!»

አሁን ጠረጴዛ ሥር ገባች ብዬ ነበር።

«ታዲያ ምን ይጠበስ?» አለች ሬዲዮ። «አንተስ ስታወራ አይደል የምትውለው? ጻፍ!»

እሱም ዝም ብሎ ጻፈ። እኔም ከወዲህ ወደ ሰሌዳዬ ተመለስኩ፤ ከወዲያ ሚጡ ባልዲው ላይ እጇን ስትታጠብ ይሰማኛል።